አራት ጣት ከፍታ ለአንዲት ፒክአፕ

በሞያሌ፣ በእኛ በኬንያው በኩል፣ በነጻ የሚታደል ነገር ሁለት ነው። አቧራና ምክር። አቧራው እንኳ ዝናብ ሲጥል ያርፋል። ምክሩ ግን በዝናብም በድርቅም አያርፍም። አታምኑኝም? እንግዲያው አንድ ፒክአፕ ግዙና ሆዷን ድንጋይ እየነካት እንደተቸገራችሁ ለአንድ ሰው ተናገሩ። ለአንድ ሰው ብቻ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍየል ሻጩ፣ የስልክ ካርድ አዟሪው፣ በዕድሜው ከአህያ ገመድ በቀር መሪ ጨብጦ የማያውቀው ሽማግሌ ሳይቀር ስለ ባሌስትራ ሲያስተምራችሁ ያመሻል።

ባሌስትራ ያው መኪናዋ ከነጭነቷ የምትተኛበት፣ እላይ በላይ የተደራረበው ብረት ነው። አልጋዋ በሉት። አልጋው ከለሰለሰ ሆዷ መሬት ይነካል። ከደረቀ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እኔ ብዙ ነገር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወርጄ ሎሪ ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ። አማርኛ ከአባቴ፣ ኦሮምኛ ከእናቴ፣ ስዋሂሊ ከኬላ ፖሊስ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ተማርኩ። የመጨረሻውን አልጨረስኩትም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አንብቤ የምጨርሰው ዕቃው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ፒክአፗን የገዛኋት ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ሎሪ ጭነት ላይ ተንጠልጥዬ ነው። ነጭ ነበረች ይላሉ። እኔ እጅ ስትገባ የመንገድ ቀለም ይዛ ነበር። ሥራዋ አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰውና ዱቄት፣ ስኳርና ሳሙና ጭና ኡራን ወደምትባል የከብት አርቢዎች መንደር ትወጣለች። እዚያ ታድራለች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የኡራን ሴቶች ያለቡትን ወተት ተቀብላ ፀሐይ ሳትበረታ ሞያሌ ትገባለች። በየቀኑ።

የወተቱን ነገር ለማያውቅ ልንገር። ሴቶቹ ኡራን ከከብቶቻቸው ጋር ናቸው፤ ወተቱ የሚሸጠው እዚህ ከተማ ነው። መሐል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ቢጫ ጀሪካን አንገቱ ላይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ቀይ የጡሜ፣ አረንጓዴ የጎረቤቷ፣ የአልጋ ልብስ ቅዳጅ የአሮጊቷ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ጀሪካኑ አፉ ድረስ አይሞላም፤ ትንፋሽ ይተውለታል፣ አለዚያ በሙቀቱ ክዳኑን ይተፋል። ከተማ ስደርስ ሁሉንም የሚረከቡት ማማ ዳርሜ ናቸው። የጡሜ ታላቅ እህት። ማማ ዳርሜ ወተቱን ለሻይ ቤት ያድላሉ፣ ለጎረቤት ይሸጣሉ፣ ማን ምን እንደላከ በጭንቅላታቸው ይይዛሉ። እንኳን የጀሪካኑን፣ የላሚቱን ስም ሳይቀር ያውቃሉ። አንዳንዴ ቀምሰው፣ ይህች ላም ሰሞኑን ከፍቷታል ይላሉ።

ታዲያ ባለፈው ዝናብ ምን ሆነ? ዝናብ ሲጥል ብቻ ወንዝ የሚሆን የአሸዋ ሸለቆ አለ። እኛ ላጋ እንለዋለን። ከላጋው መሐል አንድ ድንጋይ አለ። አውቀዋለሁ፤ እሱም ያውቀኛል። ብዙ ቀን በጎኑ አልፌዋለሁ። የዚያን ቀን ጎርፉ አሸዋውን ከሥሩ ጠርጎት ኖሮ ቁመት ጨምሮ ጠበቀኝ። ፒክአፗ ሆዷን ጣለችበትና ተቀመጠች። አራቱም ጎማ ይዞራል፣ እኛ አንሄድም። ሎሪ መጥቶ እስኪጎትተን ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። ወተቱን የሚጠብቅ ጥላ አልነበረም።

ከተማ ስንደርስ ማማ ዳርሜ ክዳን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ከደኑ። ሁለተኛውን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ከደኑ። እኔ ከላጋው ጀምሮ የተዘጋጀሁበትን ይቅርታ መደርደር ጀመርኩ። ጨርሼ አላበቃሁም።

«ዩሱፎ ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ የምሸጠው ወተት ነው። የአንተን ይቅርታ ሻይ ቤት አይገዛኝም።»

ከዚያ ቁርጡን ነገሩኝ። እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ መኪናህን ከድንጋዩ ጋር አስታርቅ፣ አለዚያ ወተቴን ለሐሰኖ እሰጣለሁ።

ሐሰኖን ታውቁታላችሁ? ሌላው የኡራን መስመር ፒክአፕ የእሱ ነው። ሲነዳ ዶሮ ትቀድመዋለች። ላጋ በደረሰ ቁጥር ተሳፋሪውን ያወርዳል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ ይሻገራል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያሳፍራል። ከሐሰኖ ጋር የተጓዘ ሰው ግማሹን መንገድ በእግሩ ሄዶ ሙሉ ሒሳብ ይከፍላል። ለሐሰኖ ወተት መልቀቅ ማለት እኮ ለኤሊ ሩጫ መሸነፍ ነው! ውርደቱ ይቅር፤ ወተቱ ከሄደ ፒክአፗ በምን ትኖራለች? ሰባት ዓመት ተንጠልጥዬ የወረድኩበት ሎሪ ላይ ተመልሼ መንጠልጠል ነው።

እናም መኪናዋን ከፍ ለማድረግ ወሰንኩ። ይኼኔ ነው ምክር የታደለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ፉንዲ ካሪዩኪ ጋ ነው። እዚህ ሜካኒክን ፉንዲ ነው የምንለው። ካሪዩኪ ንጹሕ ሰው ነው፤ ዘይት ሲነካ እንኳ ሸሚዙ አይቆሽሽም፣ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል። ከመሳቢያ ውስጥ ጠርዙ የተበላ መጽሔት አወጣ። ሊፍት ኪት ይባላል አለኝ። የፊቱም የኋላውም ባሌስትራና ሞላ፣ መንጠሩን የሚውጡት ሾኮች፣ ቡሎኑ ሳይቀር በአንድ ሳጥን፣ ሁሉም እርስ በእርሱ ተለክቶ የተሠራ። ሦስት ኢንች ከፍ ያደርጋታል። ሦስት ኢንች ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው አራት ጣቱን ደርድሮ አሳየኝ። ባዶም ሆነች ጭነት ያዘች እንደ ትራስ ትሄዳለች አለ።

መቼ ይመጣል? ከናይሮቢ በሎሪ ነው አለ። ሎሪው ኢሲዮሎ ካልቆመ፣ ማርሳቢት ካልዘነበ፣ ጎማው ካልፈነዳ፣ ሾፌሩ ካላገባ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! ማማ ዳርሜ ደግሞ የምድሯን ላም ይዘው ነው የሚጠብቁኝ።

ሁለተኛው መካሪ የእናቴ ወንድም አቡያ ጋልማ ናቸው። እነሆ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሎሪ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን በመርገጥ ብዛት ከቀኙ ይወፍራል። ከባድ ያልሆነ ነገር አያምኑም። ሴት ልጃቸው ስታገባ እንኳ ሙሽራውን በዓይናቸው መዝነው ነው የፈቀዱት። ከቤታቸው ጓሮ ዶሮ የሚያድርበት የድሮ ሎሪ ባሌስትራ ክምር አለ።

ከዚህ ቆርጠህ ጨምርባት አሉኝ። ዝሆን ብትጭን አትጎነብስም።

«አቡያ፣ እኔ ዝሆን አልጭንም።»

«ይሁን። ቢመጣስ?»

ክምሩን በዓይኔ ለክቼ ወጣሁ።

ሦስተኛው ከድንበሩ ወዲያ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ያሉት ጋሽ ተክሌ ናቸው። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሌላው ፉንዲ መጀመሪያ መኪናዋ ሥር ይገባል። ጋሽ ተክሌ ግን ቡና ቤት እንደተገናኘን ሁሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠየቁኝ።

«ምን ትጭናለህ?»

«ወተት።»

«እንግዲያው እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ወተቱን ጠይቀው።»

ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ተነሥተው ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ከኋላ አንድ ቀጭን ባሌስትራ እጨምርልሃለሁ፣ ሾኮቿን እቀይራለሁ፣ ሁለት ጣት ከፍ ትላለች፣ የቀረውን በመሪ እለፈው አሉኝ።

ሁለት ጣት! ሁለት ጣት ማን ያያል? እውነቱን ልንገራችሁና ትዝብቱን ውሰዱ። ልቤ ከመኪናዋ ቀድሞ ከፍ ብሏል። በዋናው መንገድ ሳልፍ ሐሰኖን ቁልቁል ማየት አምሮኛል። ለድንጋዩ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጣት ይበቃኝ ነበር። ለሐሰኖ ግን አራት ጣት ያስፈልጋል።

ደግሞ ማስጠንቀቂያ አልተነገረኝም አልልም። ሄሉ የሚባል መንደር ውስጥ አንድ የአክስቴ ልጅ አለ። ፒክአፑን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አድርጎ ሲያበቃ የሠርጉ ቀን ደረሰ። አማቱን ሊያሳፍር ቢሞክር እግራቸው አልደርስ አለ። ቀሚሳቸው ረጅም፣ ሰው ብዙ፣ ማን ደግፎ ያውጣቸው? በርጩማ ይምጣ ተባለ። አማትየው በርጩማውን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ ዞረው የአህያ ጋሪ ላይ ወጡ። ከሙሽሮቹም ቀድመው ደረሱ። እስከ ዛሬ ሄሉ ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ባለ በርጩማው ነው የሚባለው። ይህን ታሪክ ስንቴ አውርቼ አስቄበታለሁ! ሰው በሰው እየሳቀ ትምህርት አይገባውም። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው።

እንዴት እንደመረጥኩ ገብቷችኋል። የካሪዩኪው ሩቅ ነው። የጋሽ ተክሌ አጭር ነው። የአቡያ ግን ጓሮ ውስጥ ነው። ዶሮዎቹን አባረርን። በመጋዝ ቆረጥን፣ በያጅ ጠርተን አስበየድን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደበደብን። የፊቷንም ሞላ እስክትጮህ ድረስ አጠበቅነው። ሾክ እንቀይር ወይ ብዬ ብጠይቅ አቡያ፣ ሎሪ ላይ ሾክ ሳይኖር ነው ያሳደግሁህ አሉኝ። ከፍታውን በአራት ጣት ለኩ። በእኔ ጣት አይደለም፣ በእሳቸው። የእሳቸው አንድ ጣት የእኔ ሁለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኛ ግን እንዲህ ታጥቆ ነበርና የሚፈታ አልሆነም።

አሁን ትልቁ ስህተት መጣ። የድንበር ከተማ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም የማይሠራው ስህተት ነው።

አዲስ ነገር ይሞከራል አይደል? የት እንሞክራት አልኳቸው። አቡያ ተቆጡ። አዲስ ጫማ ገዝተህ ጭቃ ውስጥ ነው የምትሞክረው? ጥሩ መንገድ ላይ ነው እንጂ! እውነት መሰለኝ። ጥሩ መንገድ የት አለ? በእኛ በኬንያው በኩል አቧራ፣ ድንጋይና የመንግሥት ተስፋ ነው ያለው። ከኬላው ወዲያ ግን አስፋልት አለ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ነጭ መስመር የተሰመረበት። ስለዚህ ለኬንያ ድንጋይ የተሠራችውን ፒክአፕ ይዘን በኢትዮጵያ አስፋልት ልንሞክር ተሻገርን።

ኬላው ላይ ያለው አስካሪ፣ የኬንያው ፖሊስ፣ ያውቀኛል። ቀና ብሎ አየኝና፣ ዩሱፍ ዛሬ ምን በልተህ አደርክ አለኝ። ደስ አለኝ። ከመደሰቴ የተነሣ ማዶ ስሻገር መንገድ መቀየር ረሳሁ። በእኛ በኩል በግራ ነው የሚነዳው፣ በእነሱ በኩል በቀኝ። አንድ አውቶቡስ መብራቱን እያንቦገቦገ ፊት ለፊቴ መጣ። ትራፊኩ እያፏጨ ሮጠ። «ሰውዬ፣ አገር ቀይረሃል፣ ጎንህንም ቀይር!» አለኝ። ቀየርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? እንደ ጀልባ ነው የሄድነው። አቡያ ከሻይ ቤት እስከ አፉ የተሞላ ሻይ በብርጭቆ አስቀድተው ከመስታወቱ ሥር አስቀመጡት። ንዳ አሉኝ። ነዳሁ። እስከ ከተማው መውጫ ሄደን ስንመለስ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። አቡያ ሻዩን አንስተው በድል ጠጡት። ሻይ ያልፈሰሰበት መኪና ላይ ወተት ምን ይሆናል? ምንም!

ስንመለስ ጋሽ ተክሌ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። አቆምኩላቸው። እንዴት ናት ጋሼ? አልኳቸው። ክሩን ስበው መነጽራቸውን አደረጉ። ፒክአፗን አላዩም፤ አስፋልቱን ነው ያዩት።

«መንገዱ ጥሩ ነው፣» አሉ።

እኔ ምርቃት አድርጌ ወሰድኩት።

በማግስቱ ወደ ኡራን ወጣሁ። ከከተማ ሳልርቅ ከኋላ ጉርምርምታ ተጀመረ። አንድ ሽማግሌ ጣራውን ደብድበው አስቆሙኝና፣ ልጄ፣ አንጀቴን ኡራን ስንደርስ ቆጥረህ ታስረክበኛለህ አሉ። አንዷ ሴትዮ ጥርሷን በሻሽ አስራለች። እኔ እንደ ቅናት ቆጠርኩት። ከፍታ ያልለመደ ሰው ያዞረዋል አልኩ በልቤ።

ጠዋት ጨርቁን አይቼ ጀሪካኖቹን ጫንኩ። ጡሜ ራሷ መጥታ ቀይ ጨርቋን አጥብቃ አሰረች። መኪናዋን ከታች እስከ ላይ አይታ፣ ይህቺ ደግሞ ወደ ሰማይ ነው የምትሄደው? አለችኝ። ላጋው ጋ ስደርስ ሐሰኖ እንደ ልማዱ ሰው አውርዶ ድንጋይ ይለቅማል። መሪዬን ሳላዞር በዚያ በጠላቴ በድንጋዩ ላይ አለፍኩ። በላዩ! ሆዷ አልነካውም። ድንጋዩን በክላክስ ተሰናበትኩት፣ ሐሰኖን በእጄ። የዚያን ዕለት ንጉሥ ነበርኩ። ንግሥናው እስከ ገበያው ድረስ ቆየ።

ከላጋው በኋላ ያለው መንገድ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ነው። ሎሪ የሠራው ሞገድ። ድሮ ፒክአፗ ሞገዱን እየዋጠች ታልፍ ነበር። አሁን አልዋጠችም። እያንዳንዱን ቆጠረችው። መስታወቱ ይዘፍናል፣ በሩ ያጨበጭባል፣ እኔ ለራሴ የማወራው እንኳ እየተቆራረጠ ይሰማኛል። ግን ፈጣን ነበርኩ። ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ ገበያ ደረስኩ።

ማማ ዳርሜ በሰዓቱ ደስ ብሏቸው መርቀውኝ ባለ ቀይ ጨርቁን ጀሪካን አነሱ። ነቅነቅ አደረጉት። የወተት ድምፅ ይታወቃል። ይህ ግን ውስጡ ሰው ያለበት ይመስል ዱብ ዱብ አለ። ጣሳ ላይ አዘነበሉት። መጀመሪያ ቀጭን ውሃ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ ምንም። አንድ ነገር አፉን ደፍኖታል። እንጨት ሰደው ወጋ ወጋ አደረጉና ጫፉን አዩት። ቅቤ።

ማማ እንጨቱን አዩ። መኪናዋን አዩ። እኔን አዩ።

«ዩሱፎ፣ ወተቴን ምን አደረግህብኝ?»

«ማማ፣ በሰዓቱ አድርሻለሁ።»

«ሰዓቱንማ አድርሰሃል። የቀረው ወተቱ ነው።»

ሁሉም ጀሪካን እንደዚያው ነው። ገሚሱ ቅቤ፣ ገሚሱ ወተትም ውሃም አይደለሁም የሚል ነገር። አንድ ችኩል ባለ ሻይ ቤት ማማ ሳይነግሩት ቀድቶ ሄዶ ነበር፤ ወዲያው ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ሻዬ ዓይን አወጣብኝ ይላል። እውነትም የቅቤ ዓይን ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እኔን ያየኛል። የገበያው ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እነዚህ ሴቶች ቅቤ የሚያወጡት ወተት ረግቶ እርጎ ሲሆን፣ ቅል ውስጥ አድርገው ጎህ ሲቀድ እየናጡ ነው። እኔ ደግሞ የአንድ መንደር ወተት ሳይረጋ ንጬ መጣሁ። እዚያው ስም ወጣልኝ። ዩሱፎ ቅሉ!

ማማ ዳርሜ አልሳቁም። ከነገ ጀምሮ ለሐሰኖ ነው አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ያ ሁሉ መካሪ ዳግመኛ መጣ፤ ሁሉም ብዬህ ነበር ይላል። ፍየል ሻጩ ብሎኝ ነበር። የካርድ አዟሪው ብሎኝ ነበር። ካሪዩኪ መጽሔቱን ገልጦ፣ እንደ ትራስ የሚለው እዚህ ጋ ተጽፏል አለኝ። አቡያ ጋልማ ብቻ አልከዱኝም። ባሌስትራውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ መኪናዋ አልተሳሳተችም፣ ወተቱ ነው ደካማ አሉ።

አንድ ሳምንት አሸዋና ድንጋይ ጫንኩ። ድንጋይ አይናጥም። ሐሰኖ በየቀኑ ዘግይቶ፣ ግን ወተቱን ወተት አድርጎ ይገባል። ሲያልፍ እጁን ያወዛውዝልኛል። ሰላምታ ነው፤ ሰውየው ክፋት የለበትም። ይህ ነው የባሰ ያናደደኝ። በስምንተኛው ቀን ኩራቴን ዋጥኩና ድንበር ተሻግሬ ጋሽ ተክሌ ጋ ሄድኩ። አውልቁልኝ አልኳቸው። ሁለት ጣት ይበቃኛል። ሁለት ጣትም ከበዛ አንድ ይሁን።

ጋሽ ተክሌ ብዬህ ነበር አላሉኝም። በክሪክ አነሷት፣ የኋላ ጎማዋን ፈቱ፣ የመጀመሪያው ቡሎን ላይ ቁልፍ እንዳሳረፉ ከመንገዱ ጩኸት ሰማን።

«ተው! እጅህን አንሳ!»

ማማ ዳርሜ ናቸው። ኬላውን በእግራቸው ተሻግረው፣ አፈ ሰፊ ሰማያዊ በርሜል ከነክዳኑ በጋሪ አስገፍተው፣ ላባቸው እየወረደ። ጋሽ ተክሌ ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ቀን ከየጀሪካኑ የለቀሙትን ቅቤ ማማ እየተራገሙ ወደ ኢትዮጵያው ገበያ ወስደውት ነበር። ሳይቀመጡ ተሸጠ። በማግስቱ ሰዎች ሌላ አለ ወይ ብለው ደጃቸው መጡ። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ወሬው ኡራን ደረሰ። ያደረሰው ሐሰኖ ነው፤ ሊያስቅብኝ ብሎ። ጡሜ ግን አልሳቀችም። ትከሻዋን ነካች። ልጅ ሆና ከጀመረችበት ቀን አንስቶ በየማለዳው ቅል የናጠችበት ትከሻ ነው። ከዚያ በራሱ በሐሰኖ መልእክት ላከች። ማማ ዳርሜ መልእክቱን እዚያው ጋሽ ተክሌ ፊት ቃል በቃል አደረሱ።

«ያቺን የምትንጥ መኪና የሚያለሰልስ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ መጥቶ ትከሻዬን ይጠይቅ።»

ጋሽ ተክሌ መነጽራቸውን አወለቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጎማውን መልሰው ገጠሙ፤ የጎማውን ቡሎን ከበፊቱ የበለጠ አጠበቁት።

«ወተቱን ጠይቀው አላልኩህም?» አሉኝ። «ይኸው መለሰልህ።»

አሁን ሥራ ተከፋፍለናል። ትኩሱን ወተት ሐሰኖ ነው የሚያመጣው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ። የረጋውን፣ ቦረና ኢቲቱ የሚለውን እርጎ፣ በአፈ ሰፊው በርሜል እስከ ግማሹ ሞልተን እኔ ነኝ የማመጣው። ንጉሥ የነበርኩበት መንገድ ላይ ዛሬ የቅቤ ሠራተኛ ነኝ። እንደፈለግሁ መንዳትም ቀረ። በሳምንት አንድ ቀን ማማ ዳርሜ ራሳቸው ጋቢና ውስጥ ይቀመጣሉ። ጆሯቸው ከኋላ ነው። ፍጠን ይሉኛል፣ ተው ቀስ በል ይሉኛል፣ ድምፁ ሲቀየር ደግሞ እጃቸውን ያነሳሉ። ወጣ! ይላሉ። ቅቤው ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ሻይ በብርጭቆ እንደያዝኩ ሆኜ ነው የምነዳው።

ማማ ጋቢናው ላይ እንዴት ይወጣሉ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እሺ፣ ጠየቃችሁ። በበርጩማ ነው። ከመቀመጫዬ ኋላ ታስሮ ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ ከሄሉ ድረስ መጥቶ አይቶ ጨብጦኝ ሄደ።

ዛሬ ፒክአፑን ከፍ ሊያደርግ ያሰበ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። እኔም ምክር አዳይ ሆኛለሁ ማለት ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ምን ትጭናለህ? እላለሁ። ቅር ይላቸዋል። ለከፍታ ነገር እንጂ ለጭነት ነገር አልመጣንም ይሉኛል። አውቃለሁ። እኔም በልቤ እንደዚያ ብዬ ነበር።

አሁን አንድ ስጋት ብቻ ነው ያለኝ። ሰሞኑን መንግሥት አስፋልት ሊያመጣልን ነው የሚል ወሬ እንደገና ተነሥቷል። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች መጥተው ለክተው፣ ምልክት ብለው ችካል ተክለው ሄዱ። ችካሉን እንኳ ሰው ለማገዶ ወስዶታል፤ ወሬው ግን አልጠፋም። ሞያሌ በሙሉ ይጸልያል። ሙስሊሙ በመስጊድ፣ ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን፣ ሽማግሌው ከዛፍ ሥር። ሁሉም አንድ ልመና ነው፤ አስፋልት! እኔም ከመሐላቸው ሆኜ ከሁሉም አስበልጬ ጮክ ብዬ አሚን እላለሁ። ሰው ያየኛላ!

በልቤ ግን እንዲህ ነው የምለው፤ ያ ረቢ፣ ለሁሉም አስፋልቱን ስጣቸው። ወደ ኡራን የምትታጠፈዋን መንገድ ብቻ እርሳት። የጡሜ ትከሻ አለበት።